ጣሳው ውስጥ የሚዘሉት ቁንጫ አይደሉም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጀርመን ነው። ጋዜጣችሁን በኢንተርኔት ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ እሱን ሳላነብ ከቤት አልወጣም። ዛሬ ግን የጻፍኩት ቅር ያለኝ ነገር ስላለ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ ላይ አንዲት አንባቢ ጠይቃችሁ ነበር። የአበባዬን አፈር ውኃ ሳጠጣው ነጫጭ ጥቃቅን ነገሮች ይዘላሉ፣ ምን ላድርግ ነው ያለችው። መልሳችሁ ሁለት መስመር አልሞላም። ተባይ ናቸው፣ መድኃኒት ይነፋባቸው። በቃ።

እህቴ አነበበችው። እሷ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳዋ ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በቀለም ጣሳ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ጥቂት እግር ጎመን ተክላለች። ጣሳዎቹን ብታይ እውነትም የሚዘሉ ነገሮች አሉ። ቁንጫ መሰሏት። ልጆቼን ይነክሱብኛል ብላ የበረሮ መድኃኒቱን አነሳችና ጣሳ በጣሳ ነፋችው። ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቁንጫውን ጨረስኩት!» አለችኝ ደስ ብሏት። «ጎመኑስ? ጎመኑም ላይ ነፋሽበት?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ ጎመን እኮ ቅጠል ቀጥፋ ለልጆቿ ትሠራበታለች።

እሷ ላይ አልፈርድም። ጋዜጣ ያለውን ነው ያደረገችው። ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ሥራዬ ችግኝ ማፍያ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ እጄ አፈር ውስጥ ነው። ከሥራ ውጪም ትንሽ የኪራይ የአትክልት ቦታ አለችኝ፤ ቅዳሜና እሑድ እዚያው ነኝ። እነዚህን የሚዘሉ ፍጥረታት ላለፉት ዓመታት በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ኖሬያለሁ። እነሱን አድነው የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም እንደዚያው። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ዓምዱን ታስተካክሉታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሚዘሉት ኮሌምቦላ ይባላሉ። አማርኛችን ገና ስም አላወጣላቸውም። እኔ ለራሴ «ባለባላ» እላቸዋለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ሆዳቸው ሥር እንደ ባላ እንጨት ጫፉ ሁለት የሆነ ጅራት አላቸው። ጅራቱ ወደ ፊት ታጥፎ በትንሽ መንጠቆ ተይዟል። ሲደነግጡ መንጠቆው ይለቃል። ባላው መሬቱን ይመታል። ያቺ ሰውነት በቁመቷ ብዙ እጥፍ ርቃ ትወነጨፋለች። ይህ ሁሉ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ያልቃል።

ቁንጫ ሌላ ነው። ቁንጫ የሚዘለው በኋላ እግሩ ነው፣ ደም ይመጣል፣ ሰውነቱም ጠንካራና ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ ነው፤ በጥፍር ካልሆነ አይሞትም። ባለባላ ግን ለስላሳ ነው። አብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። አይነክስም። ደም አይመጥም። የሚበላው ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ እርጥበት ከሌለ መኖር አይችልም። አፈር ውስጥ መኖሩ አፈሩ ሕይወት እንዳለው ያሳያል። ጥሩ የደን አፈር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። እግሩ ስድስት ነው፣ ክንፍ ግን ኖሮት አያውቅም። የዛሬ ሳይንቲስቶች ከነፍሳት ለይተው በራሱ መደብ ነው የሚያስቀምጡት። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ ድንጋይ ውስጥ የተገኘው ቅሪቱ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ዳይኖሰር ከመፈጠሩ በጣም በፊት ማለት ነው።

ከመካከላቸው ሰብል የሚጎዳ ጭራሽ የለም አልልም። አውስትራሊያ ውስጥ አልፋልፋና ክሎቨር የሚበላ አንድ ዝርያ አለ፣ ገበሬው በደንብ ያውቀዋል። የእህቴ ጣሳ ውስጥ ያለው ግን እሱ አይደለም። ለእህቴም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ አፈሩን ከላይ ትንሽ ደረቅ ሲል ብቻ አጠጪው፣ ይቀንሳሉ፤ ካልቀነሱም ምንም አያደርጉሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔን ስለ እነዚህ ፍጥረታት እንድጽፍ ያስገደደኝ አዳኞቻቸው ናቸው።

እስቲ ለአንድ አፍታ አዳኝ ሁኑ። ምግባችሁ በየቅጠሉ ሥር ሞልቷል። ለስላሳ ነው፣ ዛጎል የለውም። ግን ልትነኩት ስትሉ የለም። መንጋጋችሁ ትንሽ ከዘገየ ባዶ አየር ነው የምትነክሱት። ይዤዋለሁ ስትሉ ደግሞ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ሰውነታቸው በቅርፊት የተሸፈነ ነው። ቅርፊቱ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ዱቄት ይረግፋል፣ እሱ ሾልኮ ይሄዳል፣ አፋችሁ ላይ አቧራ ይቀራል። ሲዘልም ዝም ብሎ አይዘልም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ክብ ቅርጽ ያላትን አንዷን ዝርያ በፈጣን ካሜራ ቀርጸዋት ነበር፤ አየር ላይ ወደ ኋላ እየተገለባበጠች በሴኮንድ ከ300 ጊዜ በላይ በሚሆን ፍጥነት ትሽከረከራለች። እንዲህ ያለውን ነገር በምን ትይዙታላችሁ?

መሬት ላይ የሚሮጡት ጥንዚዛዎች ለዚህ ጥያቄ አንድ ሳይሆን ብዙ መልስ አግኝተዋል። እኔን ያስደነቀኝ ይኸው ነው።

እነዚህን ጥንዚዛዎች አይታችኋቸዋል። ድንጋይ ስትገለብጡ ከሥሩ ተነስተው የሚፈረጥጡት ጥቁሮች፣ አንዳንዴም እንደ ነሐስ የሚያብረቀርቁት ናቸው። በዓለም ላይ ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። አብዛኞቹ ያገኙትን ይበላሉ። ትል፣ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ)፣ የቀንድ አውጣ ዕንቁላል፣ የአረም ዘር ሳይቀር። ጥቂቶቹ ግን ኑሯቸውን ባለባላ ላይ መሥርተዋል፣ አካላቸውም ለዚያ ተሠርቷል።

የመጀመሪያው ኖቲዮፊለስ ይባላል። ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀለሙ የተወለወለ ነሐስ ይመስላል። ብዙ ዘመዶቹ ማታ ሲወጡ እሱ በፀሐይ ነው የሚያድነው። ዓይኑን ማየት አለባችሁ! የጭንቅላቱን ጎንና ጎን ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ከፊት ሲታይ ፊቱ ዓይን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ ላይ ነበር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የአትክልት ቦታዬ መግቢያ ላይ የጡብ መንገድ አለ፤ ጡቦቹ መካከል ሙስ የሚባለው እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ አጭር አረንጓዴ ተክል በቅሏል። ፀሐይ ወጥታለች። በደረቴ ተኝቼ በአጉሊ መነጽር አያለሁ። ኖቲዮፊለስ መጣ። ትንሽ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል። ትንሽ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል። ሙሱ ጫፍ ላይ አንድ ግራጫ ባለባላ ይንቀሳቀሳል። ጥንዚዛው አየው። መላ ሰውነቱን አዞረና ፊት ለፊት ተቀመጠ። ባለባላው ትንሽ ወደ ግራ ሲሄድ እሱም ትንሽ ወደ ግራ ዞረ። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ድመት ወፍ ላይ እንደምታደርገው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ተወርውሮ ነከሰ። ሳተው። ባለባላው የለም። ጥንዚዛው ቆመ፣ ዞር ዞር አለ፣ መንገዱን ቀጠለ። ሁለተኛውንም ሳተ። ሦስተኛውን ግን ያዘው። መንጋጋው ሲከፈትና ሲዘጋ በደንብ አየሁት። ጉልበቴ ረጥቦ፣ አንገቴ ደርቆ፣ ሌላ ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ፣ ግን ያን ቀን አልረሳውም።

ቶማስ ባወር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህ ጥንዚዛና እጩ (ገና ያልደረሰው ልጁ) ባለባላን እንዴት እንደሚያድኑ አጥንቶ ጽፏል። የትላልቆቹ ዓይኖች ጥቅም ከዚያ በኋላ ነው ግልጽ የሆነልኝ። ሁለቱም ዓይኖች ወደ ፊት አንድ ላይ ያያሉ። አንድን ነገር በሁለት ዓይን ስታዩት ርቀቱን ትገምታላችሁ፣ አይደል? መርፌ በአንድ ዓይን ክር ለማስገባት ሞክሩና ታውቁታላችሁ። ኖቲዮፊለስም ርቀቱን ሳይለካ አይወረወርም። ከሩቅ ቢወረወር ያመልጠዋል። በጣም ቢጠጋ ደግሞ ያስነሳዋል። ዞሮ ፊት ለፊት የሚቆመው፣ ቀስ ብሎ የሚጠጋው፣ ለዚያች ለትክክለኛዋ ርቀት ነው።

ሁለተኛው ሎሪሴራ ነው። ይሄኛው ጥቁር ነው፣ ነሐስ ቢጤ ወዝ አለው፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እርጥብ ቦታ ይወዳል። የሎሪሴራ ጉድ ያለው አንቴናው፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቀንድ መሰል መዳሰሻው ላይ ነው። ወደ ጭንቅላቱ የሚቀርቡት የአንቴናው አንጓዎች ረጃጅምና ጠንካራ ፀጉር አብቅለዋል። በዓይን ብቻ ሲያዩት እንኳ የተንጨባረረ ነገር እንዳለው ያስታውቃል። መጀመሪያ ሳገኘው ቆሻሻ የተጣበቀበት መስሎኝ በብሩሽ ልጠርግለት ነበር።

እሱን ቤት ወስጄ ነው ያየሁት። የጃም ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ አፈር አነጠፍኩ፣ ከብስባሹ ጉድጓድ ባለባላ አምጥቼ በተንኩበት፣ የእጅ ባትሪዬን በቀይ ፕላስቲክ ሸፈንኩ። ነፍሳት ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያቸውም። ኩሽና ውስጥ መብራት አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ጥንዚዛው አንቴናዎቹን ግራና ቀኝ ከፍቶ ይዞራል። አንድ ባለባላ ከፊቱ መጣ። ከዚያ የሆነውን አላየሁትም ብል ይሻላል፤ ያየሁት ከሆነ በኋላ ያለውን ነው። አንቴናዎቹ ተገጣጥመዋል፣ ባለባላው በፀጉሮቹ መካከል ከጭንቅላቱ ሥር ታግቷል፣ መንጋጋው ይዞታል። ሁለት እጃችሁን ከፍታችሁ፣ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ፣ ድንገት ፊታችሁ ላይ ብትገጥሟቸው በጣቶቹ መካከል የታሰረ ዝንብ መውጫ እንደማያገኝ ማለት ነው። ቢዘልም የሚዘለው ወደ አጥሩ ነው። እኩለ ሌሊት ድረስ ስድስት ሲበላ ቆጥሬያለሁ፣ ጠዋት ወደ ቦታው መለስኩት።

ባወር ከሂንትስፔተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ስለዚህ የአንቴና ወጥመድ ነው። አስቡት፣ አንቴና ማለት ለጥንዚዛ አፍንጫውና መዳሰሻው ነው። እሱን ነው ወጥመድ ያደረገው፤ ማሽተቱንም መዳሰሱንም ሳይተው።

የሎሪሴራ እጭ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። እጩ እንደ ትልቁ አንቴና የለውም። ታዲያ በምን ይይዛል? በሙጫ። አፉ አካባቢ እንደ ጣት የሚዘረጉ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ ጫፋቸው ይጣበቃል። ባለባላው ላይ ያሳርፋቸዋል፣ ይጣበቅበታል፣ ወደ መንጋጋው ይስበዋል። አንድ ፍጥረት በልጅነቱ በሙጫ፣ ሲያድግ በአጥር አንድ ዓይነት ምግብ ያድናል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሳልነግር አልቀረሁም።

ሦስተኛው ሌይስተስ ነው። እኔ በጥቅምት የበሰበሰ ግንድ ሥር አገኘዋለሁ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። መንጋጋው በጎን ሰፊ ነው፣ እንደ ሰፌድ ጠርዝ። ጭንቅላቱን ገልብጣችሁ ከሥር ስታዩት ነው ነገሩ የሚገባችሁ፤ አገጩ ሥር ወደ ታችና ወደ ፊት የወጡ እሾህ የመሰሉ ጠንካራ ፀጉሮች ተደርድረዋል። ልጆች ሆነን እንቅብ በእንጨት አስደግፈን፣ ሥሩ ጥሬ በትነን፣ ገመዱን ይዘን ወፍ እንጠብቅ አልነበረም? ሌይስተስም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እንቅቡ ግን የራሱ ጭንቅላት ነው። ባለባላው ላይ ይደፋበታል። ፀጉሮቹ ዙሪያውን ይዘጋሉ። ከውስጥ ሆኖ ቢፈናጠር ከእሾሁ ይጋጫል። ይህንንም ባወር ነው እ.ኤ.አ. በ1985 የጻፈው።

የእጩን ሙጫ ሳንቆጥር ሦስት ዘዴ። ዓይን፣ አንቴና፣ አገጭ። ከጥንዚዛ ወገን ሆኖ ከሌላ ቤተሰብ የሆነው ስቴነስ ደግሞ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ እስስት ምላስ ወርውሮ ጫፉ ላይ ባለው ማጣበቂያ ይይዛል። ያ አራተኛ ነው። አንዱ ከሌላው አልተማረም፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ እዚያው ምግብ ላይ ደርሷል።

ለእናንተ ማለት የፈለግኩት እዚህ ጋ ነው። ዓምዳችሁ «ተባይ» ብሎ በሁለት መስመር ያለፈው ነገር የእነዚህ ሁሉ እንጀራ ነው። አዳኝ ዓይኑን፣ አንቴናውን፣ አገጩን እስኪለውጥለት ድረስ የተከተለው ምግብ በአፈር ውስጥ ትርፍ ነገር ሊሆን አይችልም።

ጥንዚዛው ለእኔ ምን ይሠራልኛል የሚል ሰው ይኖራል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ጎመን እተክላለሁ። ጎመኔ ላይ ክሽክሽ የሚወጣው እዚህ አገር በሚሞቅበት ወራት ነው። ጥንዚዛዎቹ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ወራትም ሆድ አላቸው። በፀደይ መጀመሪያ፣ ክሽክሽ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ያገኙትን የሚበሉት ትልልቆቹ ሯጮችም፣ ሸረሪቶችም ጭምር አፈር ላይ የሚያገኙት ምግብ በአብዛኛው ባለባላ ነው። በእሱ ይኖራሉ፣ በእሱ ይራባሉ። ክሽክሹ ሲመጣ እነሱ ቀድመው እዚያው ናቸው ማለት ነው። ባለባላውን በመርዝ ከፈጃችሁት ጠባቂዎቹ ተርበው ይሄዳሉ፣ ወይም በዚያው መርዝ አብረው ይሞታሉ፣ ከዚያ ክሽክሹ ሲመጣ የሚጠብቀው የለም፤ ያኔ ሌላ መድኃኒት ትገዛላችሁ። አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ይረጭ የነበረው ክሎርፒሪፎስ የተባለው መድኃኒት እርሻ ላይ ያሉትን ባለባላዎች ክፉኛ ይጨርስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን አላድስም ብሏል፤ ለውሳኔው ዋናው ምክንያት ግን የሰው ጤና ነበር፣ በተለይ የሕፃናት።

እንግሊዝ አገር ደግሞ አንዳንድ ገበሬዎች ሰፊ ማሳ መሃል ላይ ከፍ ያለ የሣር መደብ ሆን ብለው ይተዋሉ። አይታረስም፣ መድኃኒት አይረጭበትም። ጥንዚዛዎች የብርዱን ወራት እዚያ ያሳልፋሉ፣ በፀደይ ወደ ስንዴው ይገባሉ። ይህን ሳነብ የአባቴ ማሳ ድንበር ነው የታወሰኝ። እኛ ዘንድ በሁለት ማሳ መካከል የሚቀረው የሣር ድንበር የጥል ምክንያት ሆኖ ኖሯል፣ እየተሸረሸረ፣ እየታረሰ፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ ገመድ ቀጥኗል። የጥንዚዛ ቤት ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ራሷ በእነዚህ ጥንዚዛዎች ሀብታም ናት። ባሌ ተራሮችና ስሜን ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሌላ የትም አገር የማይገኙ የመሬት ሯጭ ጥንዚዛዎች አሉ። ብዙዎቹ መብረር አይችሉም። ከዚያ ተራራ ከጠፉ ከዓለም ጠፉ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮና ዋልያን ሁላችንም እናውቃለን፣ ደስ ይለኛልም። ከድንጋዩ ሥር ያሉትን ግን ማንም ለልጆቻችን አላሳያቸውም።

ብስባሽ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዕፅዋት ተመራማሪዎቹ በእነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ጥረት ትግራይ ውስጥ ገበሬዎች ብስባሽ እያዘጋጁ መሬታቸውን አዳብረውበታል። ብስባሹን የሚያብላላው ባክቴሪያና ሻጋታ ነው፤ ሻጋታውን እየጋጡ ሥራውን የሚያስኬዱት ደግሞ እነዚሁ ጥቃቅኖች ናቸው። ብስባሽ አዘጋጁ የሚል ጽሑፍ ባወጣችሁበት ገጽ ላይ የብስባሹን ሠራተኞች ግደሉ ማለት አይሄድም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። አንደኛ፣ ያንን መልስ በሚቀጥለው ቅዳሜ አርሙት። የበረሮ መድኃኒት የሚበላ ነገር ላይ አይነፋም የሚለውን በትልቁ ጻፉት፤ ከባለባላው በፊት የሚያሳስበኝ የልጆቹ ጉዳይ ነው። ከዚያ ደግሞ ገጻችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ካለ ለአፈር ፍጥረታት ስጡልኝ። በሳምንት አንድ። ስሙን፣ የሚበላውን፣ እሱን የሚበላው ደግሞ ማን እንደሆነ። ስም ለሌላቸው አንባቢው ስም ያውጣላቸው። «ባለባላ» እኔ ለራሴ ያልኩት ነው፣ የተሻለ ያለው ሰው ይላክላችሁ። ገጠር ያላችሁ አንባቢዎች በተለይ፣ በየአካባቢያችሁ ለጥቁሩ ሯጭ ጥንዚዛ የምትሉት ስም ካለ ጻፉልን።

ፎቶ ከፈለጋችሁ እልካለሁ። የኖቲዮፊለስ ዓይን ከፊት የተነሳ አለኝ፤ የሎሪሴራም አንቴናው ተከፍቶ እያለ። ክፍያ አልፈልግም።

እህቴ ትናንት ደውላ ነበር። ጎመኑን ነቅላ ጥላዋለች፣ አፈሩንም ደፍታ አዲስ ሞልታለች። አዲሱን አፈር ያመጣችው ሰፈራቸው ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር ነው፣ አስፈቅዳ። ውኃ ስታጠጣው እንደገና የሚዘል ነገር አይታለች። አጉሊ መነጽር ላክልኝ ብላለች፣ ለልጆቹ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን